ዲስኩ የዋጣቸው ስሞች

በሕይወቴ ብዙ ሰው አመስግኛለሁ፤ አንዳንዱን ከልቤ፣ አንዳንዱን ለወጉ ያህል። አብልጬ የማመሰግናት ግን የሰደበችኝን ሴት ነው። የደራ ሽንኩርት ነጋዴ ነበረች። ናዝሬት ድረስ በአውቶቡስ መጥታ፣ የቢሮዬ ደፍ ላይ ተቀምጣ፣ በሰው ፊት ልክ ልኬን ነገረችኝ። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ግድ አልነበረኝም። ዛሬ ግን ያ ስድብ ባይደርሰኝ ኖሮ በእኔ ምክንያት ስንት ሰው ያልቅ እንደነበር አስባለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። በደርግ ዘመን መጨረሻ ላይ ናዝሬት ውስጥ፣ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞችን በምትከታተል አንዲት ትንሽ ቢሮ እሠራ ነበር። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ በወዲያ በኩል ደግሞ እስከ ደራ ያሉ በሽተኞች መዝገብ እኛ ጋ ነው። ይህ በሽታ እልኸኛ ነው። መድኃኒቱ ከዓመት በላይ ሳይቋረጥ ይወሰዳል፤ መሐል ላይ ካቋረጡት ብሶበት ይመለሳል። ስለዚህ በየወሩ ሁለት ዝርዝር እናወጣለን። በአንደኛው ላይ ስሙ ያለ ሰው መድኃኒቱ ታሽጎ ወደ ከተማው ጤና ጣቢያ ይላክለታል። ሁለተኛው መድኃኒታቸውን ሳይወስዱ የቀሩ ሰዎች ዝርዝር ነው፤ እነሱን በሞተር ብስክሌት እየዞረ የሚፈልግ ሰው ነበረን።

ዝርዝሩን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው፣ የኮምፒውተሩ ሰው ደግሞ እኔ። በወንድም ሶሻሊስት አገር አራት ዓመት ተምሬ የመጣሁ፣ አፍንጫዬን የሰቀልኩ ልጅ ነበርኩ። ማሽኑ በእርዳታ የመጣ ነው። ሙቀት አይወድም ተብሎ የቢሮው ብቸኛ ቬንቲሌተር ከዶክተሩ ክፍል ተነቅሎ ለእሱ ተሰጠ። ዶክተሩ የቢሮው ኃላፊ ነው፤ ወጣት፣ ቁጡ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ በላብ ጀርባው ላይ የተጣበቀ። ቬንቲሌተሩን የወሰድኩበት እኔ ስለሆንኩ በሆነ ባልሆነው «ሥራ ልጠይቅሽ» እያለ ክፍሌ ይመጣና ነፋሱ ፊት ይቆማል። የናዝሬት አቧራ እንዳይገባ በበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ እዘረጋ ነበር፤ ሰው ሁሉ እየረገጠው ያልፋል፣ እኔም በቀን አሥር ጊዜ እጮሃለሁ።

በሞተር የሚዞሩትን ሰው ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ሃምሳን ያለፉ የጤና ረዳት ናቸው። አማርኛና ኦሮምኛ እኩል ይናገራሉ፤ በየከተማው የማያውቁት ቡና ቤትና የማያውቃቸው ጠላ ሻጭ የለም። ሥራቸው የጠፋ በሽተኛ ማግኘት ነው፤ ያም ቢሆን ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ በሽተኞቻችን ሁሉ ውሸታሞች ነበሩ!

መሳደቤ አይደለም። በዚያን ጊዜ የሳንባ በሽታ ያለበት ሰው በገዛ ስሙ አይመዘገብም። ከታወቀ ኩባያው ይለያል፣ አከራዩ ያስወጣዋል፣ የታጨችው ልጅ ትቀራለች። ስለዚህ የናዝሬቱ ሰው መቂ ሄዶ ይመዘገባል፣ የመቂው ሻሸመኔ፣ የሻሸመኔው ኩየራ። አንዱ የክርስትና ስሙን ይሰጣል፣ አንዱ የአያቱን፣ አንዱ የጎረቤቱን። አንድ ጊዜ አንድ አስተማሪ የርዕሰ መምህሩን ስም ሰጥቶ ኖሯል። ጋሼ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሰተት ብለው ገብተው «መድኃኒትዎን ለምን አልወሰዱም?» ሲሉ የሆነውን አስቡት። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሞተራቸውን እየገፉ ነው ሮጠው የወጡት።

ታሪኩን ስንሰማ ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። ሳቄ ግን ለሌላ ነገር መሸፈኛ ነበር፤ እኔም ዋሽቼ ነበራ! ከውጭ በተመለስኩ በዓመቱ ማሳል ጀመርኩ፤ ማታ ማታ ያልበኛል፣ ቀሚሴ እየሰፋኝ ሄደ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገኝም፣ ሥራዬ ነው። ናዝሬት ግን ሁሉም ያውቀኛል። ዝዋይ ሄጄ፣ አብራኝ በተማረች ልጅ ስም ተመዘገብኩ፤ አድራሻዬን ከሐይቁ አጠገብ ያለ ባዶ ሜዳ አደረግሁት። በየወሩ አንድ ቀን ፈቃድ እየወሰድኩ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ለምን ትሄጃለሽ እንዳይሉኝ ስመለስ ዓሣ ይዤ እመጣለሁ። «እሷ እኮ ያለ ዓሣ አይሆንላትም» ይሉኝ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ እስቃለሁ። ዓሣ ብዙም አልወድም።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳፍረኝ፣ የውሸት ስሜን ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባሁት በገዛ እጄ መሆኑ ነው። አንድ ወር ከላይ ተቆጣጣሪዎች መጡና ፈቃድ ተከለከልኩ፤ ዝዋይ መሄድ ሳልችል ቀረሁ። የወሩ መጨረሻ ላይ ያች የውሸት ስም በጋሼ ዝርዝር ላይ ታትማ ወጣች። እንዳልሰርዛት ዶክተሩ ቬንቲሌተሩ ፊት ቆሟል። ቢፈልጓትም አያገኟትም፣ አድራሻው ሜዳ ነው ብዬ ልቤን አጽናንቼ ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

በማግስቱ ጋሼ በሬ ላይ ብቅ አሉና፣ «ነገ ዝዋይ ነኝ። ያ ዓሣሽ አላማረሽም? ከኋላዬ ተቀመጪና እንሂድ፣ ዶክተሩን እኔ አስፈቅድልሻለሁ» አሉኝ።

አስፈቀዱልኝ። እስከ ዝዋይ በዚያች ሞተር ላይ አጥንቴ እስኪላላ ተንገጫገጭኩ። እንደ ደረስን ጋሼ ሐይቁ ዳር ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ። «ሂጂ ዓሣሽን ግዢ። አትቸኩዪ፣ እኔ እዚህ አርፋለሁ» አሉኝ። ሮጬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ መርፌዬን ተወጋሁ፣ ክኒኔን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ሁለት ዓሣ ገዝቼ ተመለስኩ። ሽማግሌውን ሸወድኳቸው ብዬ መንገዱን ሙሉ በሆዴ ስስቅ መጣሁ። ከዚያ በኋላ አንድም ወር ሳላቋርጥ ሕክምናዬን ጨረስኩና ዳንኩ። ያች የውሸት ስም ከመጀመሪያዎቹ በሽተኞች ጋር ማሽኑ ውስጥ ቀረች።

ከዚያ ነው የዲስኩ ነገር የመጣው። ማሽኑ መዝገቡን ሁሉ የሚያስቀምጥበት ዲስክ ሞላ፤ ከብዙ ደብዳቤ በኋላ ትልቅ ዲስክ ተላከልን። አዲሱን ዲስክ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ፣ ማሽኑን የሚያዘው ዋናው ፕሮግራም ማለት ነው፣ እንዲያውቀው የፕሮግራሙን የማስቀመጫ ክፍል ማሻሻል ያስፈልጋል። ከማሽኑ ጋር የመጣ፣ ፕሮግራሙ በሙሉ የታተመበት ወፍራም መጽሐፍ ነበረኝ። እኔ ነኝ ያለ ወንድ እንኳ የማይደፍረውን ሥራ ብቻዬን በሦስት ሳምንት ጨረስኩት። ጉራዬ ለጉድ ነበር!

ስጨርስ፣ የጻፍኩትን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ፕሮግራም ዘጠኝ ቦታ ላይ ማስጠንቀቂያ አወጣብኝ፤ «የቁጥሮቹ ዓይነት አይገጥምም» የሚል። አየሁት። ማስጠንቀቂያ እንጂ ስህተት አይደለም ብዬ አለፍኩት። ሞከርኩት፣ ሠራ። ዶክተሩ እጄን ጨበጠኝ፤ በሳምንታዊው የውይይት ክበብ ላይም «የጓዲት ሥራ ለሌሎቻችን አርአያ ነው» ተባለልኝ። አጨበጨቡልኝ፣ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ወራት አለፉ። የጋሼ ዝርዝር እያጠረ ሄደ። «ምን ጉድ ነው? ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጨዋ ሆነ?» ይሉ ነበር እየገረማቸው። እኛ ደስ አለን፤ በሽተኞች መድኃኒታቸውን በሥርዓት መውሰድ ጀመሩ ብለን ለበላይ ጻፍን። ከደራ ጤና ጣቢያ ደግሞ ነርሷ ደብዳቤ ላከች፤ አንዲት በሽተኛ ካርድ ይዛ ትመጣለች፣ መድኃኒት ግን በስሟ አልተላከም፣ ምን ላድርግ ትላለች። የካርዱን ቁጥር አስገባሁ። የአንድ የመቂ ሰው ስም ወጣ። እንግዲህ ይህችም ስሟን የቀየረች ወይም የሰው ካርድ የያዘች ናት አልኩና «በተጠቀሰው ስም የተመዘገበ በሽተኛ የለም፤ ትክክለኛ ስሟን ትጠየቅ። ኢትዮጵያ ትቅደም!» ብዬ መለስኩ። ነርሷ ደግማ ጻፈች። እኔም ያንኑ ደግሜ ጻፍኩላት፣ «ኢትዮጵያ ትቅደም»ንም ሳልረሳ።

በሦስተኛው በሽተኛዋ ራሷ መጣች።

ጠዋት ነው። ረጅም፣ አጥንቷ የወጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ የያዘች ሴት። ድምፅዋ ግን የገበያ ድምፅ ነው፤ ሳሉ ሲለቃት ግቢው ይሰማታል። ካርዷን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። ቁጥሩን አስገባሁ፤ ያው የመቂው ሰው።

«እናቴ፣» አልኳት፣ የቢሮ ትሕትና በሞላበት ክፉ ድምፅ፣ «ይሄ ካርድ የእርስዎ አይደለም። የተመዘገቡበትን ትክክለኛ ስም ይንገሩኝ።»

«ነገርኩሽ እኮ። የተጻፈው እሱ ነው።»

«እሱ ስም እኛ ጋ የለም። አይፈሩ፣ እዚህ ለማንም አንናገርም። ሰው ሁሉ ሌላ ስም ይሰጣል፣ እናውቃለን።»

ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ስሜን ከማን ፈርቼ ነው የምደብቀው? ሳንባዬን አመመኝ እንጂ ሰረቅሁ እንዴ? ደራ ገበያ መሐል ቆሜ፣ ሳንባዬ ታሟል፣ ሽንኩርቴን የፈለገ ይግዛ ያልፈለገ ይለፍ ብዬ የተናገርኩ ሰው ነኝ! ግማሹ ደንበኛ ሸሸ፣ ግማሹ ቀረ፣ ይኸው እየኖርኩ ነው። ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው መድኃኒት ካገኘሁ። ደም ጀምሮኛል። እዚያ የለሽም ይሉኛል፣ እዚህ የለሽም ትይኛለሽ። ቆሜ እያየሽኝ የለሽም ትይኛለሽ?»

«እኔ ምን ላድርግ? ማሽኑ የሚለው ይሄን ነው!» ብዬ ጮህኩባት። አዎ፣ የታመመች ሴት ላይ ጮህኩ።

«እንግዲያው ማሽንሽ ነው ውሸታም፤ ካልሆነም አንቺ!» አለችና ሄዳ ደፉ ላይ፣ እርጥቡ ጨርቅ ላይ ቁጭ አለች። «መድኃኒቴን ሳልይዝ አልነሣም። እዚሁ ልሙት፤ ያኔ የለችም ትያለሽ፣ እውነትሽን ይሆናል።»

ሰው ተሰበሰበ። ጋሼም ሞተራቸውን አቁመው መጡ። ገና ሲያዩዋት በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ አጎንብሰው እጇን ያዟትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይችን ሴት አውቃታለሁ» አሉ። «አንድ ወር አዝመራ ይዟት ቀርታ ቤቷ ፈልጌያት ሄጄ ነበር። እኔ እንደ ወትሮዬ ዘመድ መስዬ ልገባ ስል፣ 'የሳንባዬ ሰውዬ መጣ፣ መንገድ ልቀቁለት' ብላ ለመንደሩ ጮኸች። ይች አትዋሽም።»

«ጋሼ፣ ሁሉም እኮ ይዋሻሉ! እርስዎ ራስዎ የሚያውቁት ነው።»

ጋሼ ወደ ጠረጴዛዬ ጠጋ አሉ። ቀስ ብለው፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል» አሉኝ።

አውቀው ይሁን ለተረቱ ያህል አላወቅሁም። ፊቴን ወደ ማሽኑ አዞርኩና እሳቸውን ላለማየት ብቻ ብዬ አንድ ቁጥር አስገባሁ፤ የመጀመሪያዋን በሽተኛ። የመጀመሪያዋን አልረሳትም፣ የሞጆ ዳቦ ጋጋሪ ናት። የአንድ ወንድ ስም ወጣ። ሁለተኛውን አስገባሁ፤ እሱም ሌላ ሰው። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ሃያኛ። የመጀመሪያዎቹ በሽተኞቻችን በሙሉ የሉም፤ በየቦታቸው በቅርብ ወራት መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች ተቀምጠዋል። የጋሼ ዝርዝር ለምን እንዳጠረ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰዉ ጨዋ ሆኖ አይደለም። ከመዝገብ የጠፋን ሰው ቀረ ብሎ የሚፈልገው የለም። ደብዳቤ ሲመጣም ያለምንም ማጣራት ዋሽቶ ነው ብለናል፣ ልማዱ ነዋ! ሌላ አገር ቢሆን በሳምንቱ ይታወቅ የነበረ ጥፋት እኛ ጋ በውሸታችን ተሸፍኖ ስንት ወር ኖረ።

ጥፋቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም፤ የት እንዳለ ሆዴ ያውቀው ነበር። እንዲህ ነው። ዲስክ እንደ ቀበሌ ነው፤ እያንዳንዱ ቦታ የቤት ቁጥር አለው። በሽተኛ ሲመዘገብ አንድ ቤት ይይዛል፣ በየወሩ መድኃኒት ሲወስድም ያ ሌላ አንድ ቤት ይይዛል። አንደኛው የፕሮግራም ክፍል «ይህን ጽሑፍ እዚህ ቁጥር አስገባ» ብሎ ያዛል፤ ሌላው ትዕዛዙን ተቀብሎ ቤቱን ይፈልጋል። አዛዡ የቤቱን ቁጥር የጻፈው በረጅም ቁጥር ነው። ተቀባዩ ላይ ግን እኔ፣ በአሮጌው ትንሽ ዲስክ ልማድ፣ አጭሩን የቁጥር ዓይነት ትቼዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ከፊሉን ከዜሮ በታች ላሉ ቁጥሮች ስለሚያስቀር ከሠላሳ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ስልሳ ሰባት በላይ መቁጠር አይችልም። እስከዚያ ድረስ ሁለቱ ይስማማሉ። አንድ ስትጨምርበት ተቀባዩ ቁጥሩን ከዜሮ በታች አድርጎ ያነበዋል፤ ዲስኩን የሚያንቀሳቅሰው ሦስተኛው ክፍል ደግሞ የመቀነስ ምልክቱ የተያዘበትን ቦታ ጥሎ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ አዲሱ እንግዳ የመጀመሪያው ሰው ቤት ይገባል፤ ባለቤቱ ሜዳ ላይ ይቀራል። አዲሱ ዲስክ ላይ ያን ያህል ቤት እስኪሞላ ድረስ ምንም አይታወቅም። ዘጠኙ ማስጠንቀቂያ የጮኸው ይህንኑ ነበር።

ዶክተሩ ዘንድ ገባሁ። ነገርኩት። ላቡን ጠረገ።

«ሴትየዋ አሁኑኑ መድኃኒት ያስፈልጋታል፤ ፋርማሲው ግን በዝርዝሩ ላይ ለሌለ ሰው አይሰጥም፣ ደንብ ነው» አለ። «ደንቡን ለመጣስ በእጄ ወረቀት ያስፈልገኛል። ለምን ከመዝገብ እንደጠፋች የሚገልጽ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ሁለታችንም አውቀናል። በዚያ ዘመን የመንግሥት ንብረት ያበላሸ ሰው ተሳሳትኩ ብሎ አይጽፍም። አሻጥር የምትባል ቃል ነበረች፤ አንዴ ከተጻፈችብህ አትለቅህም። ማሽኑ ተበላሸ ብዬ ብጽፍ ማን ያውቃል? በዚያ ከተማ እኔ የጻፍኩትን አንብቦ የሚረዳ አንድ ሰው አልነበረም። እስክሪብቶዬን ይዤ ቁጭ ብዬ ሳለ የሴትየዋ ሳል ከደፉ ይሰማኛል። ታዲያ ስሟን በገበያ መሐል የጮኸች ሴት እዚያ ተቀምጣ እኔ እዚህ ምን እደብቃለሁ? «የበሽተኞቹ መዝገብ የጠፋው እኔ በሠራሁት ስህተት ነው፤ ማስጠንቀቂያውን አይቼ አልፌዋለሁ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ዶክተሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። ሊጮህብኝ ነው ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። ከፊርማዬ ሥር አንድ መስመር ጽፎ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። «ሥራው የተሠራው በእኔ ትእዛዝ ነው፤ ኃላፊነቱን እኔ ወስጃለሁ» ይላል። ማህተም መታበት።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ? ፋርማሲው ለምሳ ሳይዘጋ ውሰጂላት!»

እግዜር ይስጠው፤ ዛሬም ድረስ ያችን መስመር ሳስባት እንባዬ ይመጣል። ለመድኃኒቱ ሮጥኩ። ሴትየዋ መርፌዋን እዚያው ተወጋች፣ የወሩን ክኒን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች። «ገለቶሚ» አለችኝ፤ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። እኔን! ስድቧን ችዬ ምስጋናዋን መቻል አቃተኝ።

እርማቱ ሁለት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ አቋራጭ ፈለግሁ፤ ማስጠንቀቂያው እንዲጠፋ ብቻ ቁጥሩን በግድ ወደ አጭሩ ዓይነት የሚለውጥ ትእዛዝ አለ፣ እሱን ጻፍኩ። ማስጠንቀቂያው ድምጥማጡ ጠፋ። በሠላሳ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ስልሳ ስምንተኛው ቦታ ላይ የሙከራ ጽሑፍ ብጥል አሁንም ዜሮ ላይ ተገኘ። አፉን ያዝኩት እንጂ በሽታው አልዳነም። ሰረዝኩትና መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩ፤ የቤት ቁጥር በተያዘበት ቦታ ሁሉ፣ በአዛዡም፣ በተቀባዩም፣ በሦስተኛውም፣ አንድ ዓይነት ረጅም ቁጥር አደረግሁ። መብራት ሁለቴ ጠፋብኝ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠኙም ማስጠንቀቂያ ሳይወጣ ቀረ፣ የሙከራው ጽሑፍም በገዛ ቤቱ ተገኘ። ዶክተሩን ጠራሁት። አየና፣ «በቃ ይሄ ነው?» አለኝ። አዎ፣ ይኸው ነው።

የጠፉት ስሞች ግን ዲስኩ ላይ የሉም፣ ሌላ ሰው ተጽፎባቸዋል። ያወጣን የነርሶቹ እምቢተኝነት ነው። ማሽኑ ሲመጣ የድሮውን የወረቀት ካርድ ጣሉ ብለን ለየጤና ጣቢያው ጽፈን ነበር፤ አንድም የጣለ፣ በየወሩ መሙላቱንም የተወ የለም። ሁሉም በካርቶን አድርገው አልጋ ሥር ከተውታል። ጋሼ መጀመሪያ መድኃኒቱን በኮርቻው ላይ ጭነው ከከተማ ከተማ እየዞሩ የጠፉትን አዳረሱ፤ ከዚያ ካርቶኖቹን ሰበሰቡ። ስሙ በደራዋ ሴት ቦታ ከወጣው ሌላ፣ አንድ የመቂ ሰው ነበር፣ በጊዜ ያልደረሱለት። ስለ እሱ የማመሰግነው የለኝም፤ ይቅርታ ብቻ ነው ያለኝ፣ የምጠይቀውም የለም።

ካርዶቹን እንደገና ስናስገባ እንደ ቢሮ ወግ ተናበብን። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው አንድ በአንድ ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ጽፌ እመልስላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ትክክል» ይላሉ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የደራዋ ሴት የወሩን መድኃኒት ልትወስድ መጣች። ነርሷ ደራ ልስጥሽ ብትላት «እዚያ ልጅቷን አይቼ ልምጣ» ብላ ነው። ፊቷ ሞልቷል፣ ደሙ ቆሞላታል። አንድ ዘንቢል ሽንኩርት ይዛልኝ መጥታ ያው ደፉ ላይ ተቀመጠች።

የዝዋይን ካርቶን ከፍተን ነበር። ጋሼ አንድ ካርድ አነሡ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ሊያነቡ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፉት።

«ይቺን አንቺ አንብቢልኝ» አሉ።

የዚያች አብራኝ የተማረች ልጅ ስም ነው። አድራሻ፣ ከሐይቁ አጠገብ። ወራቱ በሰንጠረዥ ተሰድረዋል፣ በየወሩ የዝዋይ ነርስ ፊርማ አለ። ተቆጣጣሪዎች በመጡበት ወር ትይዩ ግን፣ የጠፋ በሽተኛ ሲገኝ የሚሞላው ባዶ ቦታ ላይ፣ በማውቀው በጋሼ የእጅ ጽሑፍ፣ «ተገኝታለች። ራሴ አምጥቻታለሁ» ተብሎ ተጽፏል።

ስንት ዓመት ሸወድኳቸው ስል የኖርኩት ሰው! ሐይቁ ዳር ጫማቸውን አውልቀው «አትቸኩዪ» ያሉኝ ትዝ አለኝና እንባዬ ካርዱ ላይ ጠብ አለ። ቀና ብዬ አላየኋቸውም። እሳቸውም አላዩኝም፣ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ካርዱ ላይ የተጻፈውን ስም አይደለም። የራሴን ስም፣ ከእነ አባቴ፣ ከእነ አያቴ። አድራሻ ናዝሬት፣ ይኸው ቢሮ።

የደራዋ ሴት ከደፉ ላይ ዘወር አለች። «አንቺም?» አለችኝ።

«እኔም።»

«እኔን ስምሽን ዋሽተሻል ስትይኝ...» ብላ አፈጠጠችብኝ፤ ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው። ሳሉ እስኪይዛት፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ እስኪወድቅ ሳቀች። ጋሼ ሳቁ፣ እኔ እያለቀስኩ ሳቅሁ። ምን ተገኘ ብሎ ዶክተሩ እየሮጠ መጣና እርጥቡን ጨርቅ ረገጠው።

ስሜን ጻፍኩት። መልሼ አነበብኩላቸው።

«ትክክል» አሉ ጋሼ፣ ቀጣዩን ካርድ አነሡ።